የቀይዋ ማኪና ሙግት

የልጅ ልጄ ጸጉሯን ጉሎ ዘይት ትቀባለች። አሁን ደግሞ ካልሞቀ አይሆንም ብላ በጣሳ አድርጋ ምድጃ ላይ መጣድ ጀምራለች። ባለፈው እሑድ ጥዳው ሄዳ ከስልኳ ጋር ስትጫወት ዘይቱ አረረ፤ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆነ። እሷ «ውይ እማማ፣ ይቅርታ፣ መስኮቱን ልክፈተው» እያለች ትራወጣለች። እኔ ከተቀመጥኩበት ሆኜ «ተዪው፤ እንዳትነኪው!» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ያበድኩ መሰላት። ምን ታድርግ፣ ያረረ ጉሎ ዘይት ለሷ ክርፋት ነው። እኔን ግን ብድግ አድርጎ ወስዶ ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ዳር አቆመኝ፤ የሃያ ዓመት ሴት፣ የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ ባሌ የቤታችንን ጉርሻ በገዛ አፉ ሲያባርር የማይ። የዚያች የቀይዋ ማኪና ሞተር የሚጠጣው ጉሎ ዘይት ነበር፤ ስታልፍ ሽታው ከአቧራው ጋር መንገዱ ላይ ይቀራል።

ጊዜው ጃንሆይ ተመልሰው አገር የተረጋጋበት፣ የጣልያን መንግሥት ሄዶ ጣልያኖቹ ግን ሁሉም ያልሄዱበት ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ዓመት መቁጠር የጸሐፊዎች ሥራ ነው። እኔ የማስታውሰው በስሙኒ የሚገዛው እንቁላል በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ እንደማያልቅ ነው። አቡጀዲ ዐረቡ ሱቅ ገብተሽ ስትለኪ ነጋዴው ክንድሽን አይቶ «ያንቺ አጭር ነው፣ እናትሽን ጥሪ» ይልሻል፤ በእናቶቻችን ክንድ ብንለካ እሱ እንደሚከስር እያወቀ ለጨዋታው ብሎ። ሴቱ ጥልፍ ቀሚስ ከሸራ ጫማ ጋር ማድረግ የጀመረው ያኔ ነው፤ አሮጊቶቹ ሲያዩን «ምነው ልጄ፣ እግርሽን ታመምሽ?» ይሉን ነበር። ወንዱ ካኪ ሱሪ ላይ ኩታ ጣል ያደርጋል። ፒያሳ ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ካለው ቡና ቤት ሸክላ ሲዘፍን አንድ አዝማሪ ደጁ ላይ ማሲንቆውን ይዞ ይቆማል፤ ሸክላው አልቆ እስኪያዞሩት ድረስ ያለችውን ፋታ ጠብቆ ሸክላውን በግጥም ይሰድባል። እኛ ሸክላውን ሳይሆን ያቺን ፋታ ለመስማት ነበር የምንቆመው።

ባሌ ታከለ መካኒክ ነበር። አውቶ ፓርኮ በሚባለው ሰፈር ሲኞር ሬናቶ የሚሉት ጣልያን ትልቅ ጋራዥ ነበረው፤ ታከለ ዐሥራ አንድ ዓመት እዚያ ሠርቷል። ሬናቶ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጩኸታም ነበር እንጂ። ሲናደድ መፍቻ ይወረውራል፤ የወረወረውን ደግሞ ራሱ ሄዶ ያነሳል። ሞተር ግን እንደሱ የሚያውቅ በኛ አገር አልነበረም፤ ያወቀውንም ለታከለ አልሸሸገም። እንግዲህ ታከለ «አሁንስ የራሴን ልሞክር» ብሎ ወጣና ቀሐ ወንዝ ዳር፣ ከቤታችን ጎን፣ ከወይራ ዛፍ አጠገብ፣ የቆርቆሮ ክዳን ያላት አንዲት ደሳሳ ቤት ይዞ ጋራዥ አደረጋት። የበሯን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮ ነበር የሚዞረው። ተኝቶም አይፈታትም።

ሸጋ፤ ግን ማን ይምጣ? ያኔ ሰው ሁሉ ሞተር የሚገባው ለፈረንጅ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። በሦስት ወር ውስጥ ደጃችን የመጡት ሁለት ብስክሌት፣ አንድ የላምባ ምድጃና አንድ የልብስ ስፌት ማኪና ናቸው። የስፌቷንም የመበለት ናት ብሎ በነጻ ሠርቶ መለሳት። ጓዳዬ እየሳሳ፣ ሆዴ እየገፋ ሄደ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ «እስከ ወር መጨረሻ ሰው ካልመጣ ወደ ሬናቶ እመለሳለሁ» አለኝ። ታከለ ኩሩ ሰው ነው፤ ያቺን ቃል ሲናገር ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ ወጡን ጨመርኩለትና ተነስቼ ወጣሁ።

በዚህ መሀል ነው ልጅ አስማማው ቀይዋን ማኪና ይዞ የመጣው። ልጅ አስማማው የደባርቅ የትልቅ ሰው ልጅ ነው፤ አባቱ ዳኛ ነበሩ። ቀጭን፣ ጠይም፣ ከኮቱ ላይ ነጭ የሐር ሻርፕ የሚጠመጥም፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ጨዋ። ማኪናዋን አሥመራ ካለ ጣልያን ነው የገዛት፤ ለሩጫ የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ክዳን የሌላት። የቀሐ ሴቶች ሲያዩዋት «እንዲህ ያለ ጌታ ምነው ክዳኑን ለመግዛት አነሰው?» ይሉ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ እንደሷ ያለ ቆንጆ ዕቃ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እንዲያው ቆማ እንኳ ልትሄድ ያለች ትመስላለች።

ውበቷ እንዲህ ነው፤ ጉልበቷ ግን ለኛ አገር አልሆነም። ልጅ አስማማው እናቱን ሊጠይቅ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ደባርቅ ይወጣል። የኮሶዬን ዳገት ስትጀምር ማኪናዋ ታለከልካለች፤ ታጓራለች፤ አትሄድም። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ገብስና ሰው የጫነ ካሚዮን ከኋላዋ መጥቶ አለፋት፤ የተሳፈሩት ሴቶች ከላይ ሆነው ቆሎ በተኑበት። «አብላት፤ ርቧት ነው!» እያሉ። ጨዋው ሰው ይህንን ለታከለ ሲነግር ጆሮው ድረስ ቀላ። «ወይ አበርታልኝ፣ ወይ ልሽጣት» አለ። ታከለ ቁልፉን አንገቱ ላይ እያሻሸ ማኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና ማታ ቤት ሲገባ «እናኑ፣» አለኝ፣ «ያቺ ማኪና ከኛ ደጅ በርትታ ከወጣች ጎንደር ሁሉ ያያታል። ከዚያ በኋላ ማንም አውቶ ፓርኮ አይሄድም።» ያን ቀን ሳምንት ሙሉ ያላየሁት ሳቅ ሳቀ።

ነገር ግን ልጅ አስማማው ሬናቶንም ጠይቆ ኖሯል። ሁለቱም አስተማሪና ተማሪ ሆነው ሳለ የተናገሩት ሌላና ሌላ ነው። ሬናቶ አንድ ዕቃ አለው፤ በነሱ አፍ ኮምፕሬሶር ይሉታል፤ የኛ ሾፌሮች ወናፍ አሉት። እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየሩን ሰብስቦ በግድ ሞተሩ ጉሮሮ ውስጥ ይጠቀጥቃል። «ተራራ ላይ አየር ትንሽ። ሞተር ርቦታል። ኮምፕሬሶር ያጎርሳል» ይላል ሬናቶ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። ታከለ ደግሞ «ሞተር በራሱ ሳንባ ይተንፍስ እንጂ አይነፋም» ባይ ነው። የሱ ሐሳብ ቴስታታውን፣ ማለት የሞተሩን ራስ፣ ፍቆ ማሳጠርና አየሩ ሞተሩ ውስጥ ጠበቅ ብሎ እንዲታመቅ ማድረግ ነው። ካርቡራቶሩን፣ አየርና ቤንዚን የሚያቀላቅለውን፣ ሁለት ማድረግ፤ አየሩ የሚገባበትን መንገድ በሞረድ አስፍቶ እንደ መስተዋት ማለስለስ። የሚሰበር ነገር የለው፣ ቤንዚን አይፈጅ፤ ወናፉ ግን ከተሰበረ መለዋወጫው የሚመጣው ከአሥመራ ነው። እና ሁለቱን ባንድ ሞተር ላይ ማድረግ አይቻልም፤ የተፋቀ ቴስታታ የወናፍ ንፋስ ከመጣበት ሞተሩን ያፈነዳዋል። አንዴ የተፋቀ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ዛሬ የጎረቤቴ ልጅ ማኪናው ላይ «ቱርቦ» አለኝ ብሎ ሲጎርርብኝ «ወናፍ ነው እኮ፣ የኔ ልጅ» ስለው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ልጅ አስማማው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲል ሰነበተ። ኋላ አንድ ቅዳሜ ጧት ሬናቶ ራሱ ቱታውን እንደለበሰ ቀሐ ድረስ እየጮኸ መጣ፤ ልጅ አስማማውም ከማኪናዋ ጋር እዚያው ነበር። ሁለቱ መካኒኮች ጀመሩት። አንዱ በጣልያንኛ አንዱ ባማርኛ፣ ባለማኪናው መሀል ቆሞ አንዴ ያንን አንዴ ይህንን ያያል። በመጨረሻ እጁን አነሳ። «እኔ ሞተር አላውቅም። የዳኛ ልጅ ነኝ፤ ሙግት ግን አውቃለሁ። ወግ ባለው ሙግት ተሟገቱ፤ የረታው ይሥራት» አለ።

የዛሬ ልጆች ይህ ቀልድ ይመስላችኋል። ፍርድ ቤቱ ያኔም ወረቀትና ማኅተም ሆኖ ነበር፤ ባላገሩ ግን ገና የአባቱን ሙግት አልረሳም። መንገድ ላይ የተጣላ ሰው አላፊ አግዳሚውን «በንጉሥ አምላክ ዳኛ ሁነን» ካለው ያ ሰው ጭነቱን አውርዶ ይቀመጣል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ያን ቀን በዚያ ያለፈው ከማክሰኝት ሁለት በቅሎ እየነዳ ለቅዳሜ ገበያ የመጣ አያ ፈንታ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ማኪና ላይ ወጥቶ አያውቅም። «ስለምንድን ነው የተጣላችሁት?» አለ። «ስለዚህች» አሉት። ቀይዋን ማኪና ዞራት፤ ጎንበስ ብሎ ሆዷን አየ፤ ልክ የሚገዛት በቅሎ ይመስል ጎማዋን መታ መታ አደረገ። ከዚያ በቅሎዎቹን ወይራው ላይ አሰረና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ቁራኛ ግቡ» አለ። ተሟጋቾች በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ነው የሚቆሙት፤ የታከለን የኩታ ጫፍ ከሬናቶ የቱታ እጅጌ ጋር ቋጠሩት። ሬናቶ እጁን እያወናጨፈ ካልሆነ መናገር አይችል፤ እጁን ባነሳ ቁጥር ታከለ አብሮ ይሳባል። የቀሐ ሰው ሳቁን ለቀቀው። ልብስ አጣቢው፣ አህያ ነጂው፣ ከቀሐ ኢየሱስ የተመለሰው ቄስ ሁሉ ተሰበሰበ። አያ ፈንታ ግን አልሳቀም። «ምን ታስይዛላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

ሬናቶ የመፍቻ ሣጥኑን አስያዘ። ታከለ ደሙ ፈልቶ ነበር፤ «ለዳኛው ጉንዶ ማር!» አለ። ለልጃችን ክርስትና ያስቀመጥናት ማር መሆኗ ነው፤ እሺ ይሁን። ቀጥሎ አንገቱን ዳብሶ ቁልፉን ፈታውና ብድግ አድርጎ አሳየ። «ለባለጋራዬ ደግሞ ይችን! ከተረታሁ ጋራዤን ዘግቼ የሱው ሠራተኛ ሆኜ እገባለሁ!» ወይኔ! ብዬ ሆዴን ያዝኩ። አንዲት ሴት ይዛ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። «ምነው፣ ምጥ መጣብሽ?» አለችኝ። «ከምጥ የባሰ ሞኝ ባል አለኝ» አልኳት።

ታከለ ኩታውን አደግድጎ ሸምበቆ በእጁ ይዞ ወደፊት ተወረወረ።

«በላ ልበልሃ!
ፈረስ ሲደክመው ውኃ ያጠጡታል፣
ወይስ ወናፍ ባፉ ገጥመው ይነፉታል?»

ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። እኔም ቁጣዬን ረስቼ «እሰይ» አልኩ። ቴስታታውን፣ ካርቡራቶሩን፣ የአየሩን መንገድ፣ ሁሉንም ለባላገር እንዲገባ አድርጎ ተናገረው። ጉሮሮ የጠበበውን ሰው ጉሮሮውን ታሰፋለታለህ እንጂ ሰው ቀጥረህ ምግቡን በእንጨት አታስገባለትም አለ። ወናፉ ቢሰበር ባለማኪናው ዳባት ሜዳ ላይ ጅብ ይበላዋል አለ። አያ ፈንታ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ።

የሬናቶ ተራ ደረሰ። ተነሳ። ቀላ። አማርኛው ጠፋበት፤ በጣልያንኛ ጮኸ፣ እጁን አወናጨፈ፣ ታከለን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ጎተተው። «ምን አለ?» አለ ዳኛው። የገባው ሰው የለም። «እንግዲያ ነገረ ፈጅ ይቁምለት። አፍ የሌለውን ሰው አልፈርድበትም።» ከተሰበሰበው መሀል ያሉትን ሾፌሮች ጠየቁ፤ ስለ ወናፉ የሚያውቅ አንድ ጠፋ። ሬናቶ ዙሪያውን አየ፣ አየና ጣቱን ታከለ ደረት ላይ ቀሰረ። «እሱ ያውቃል። እኔ አስተማርኩት። ታከለ ይናገር።»

አገር ሳቀ። አያ ፈንታ ግን አሁንም አልሳቀም። «አንተ ሰው፣ ለባለጋራህ ለራስህ እንደምትናገረው አድርገህ ልትናገርለት ትችላለህ?» ታከለ ሬናቶን አየ። ከዚያ «ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እችላለሁ» አለ። «ማል።» «የሱን ነገር ባጎድል የምይዘው መፍቻ ሁሉ ይክዳኝ» ብሎ ማለ። ከቆመበት ከቀኝ ተነስቶ ቁራኛውን ይዞ ወደ ሬናቶ ወደ ግራ ተሻገረ፤ አገላብጦም አደገደገ፣ ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

«በላ ልበልሃ!
ጎተራ ብታሰፋ ምን ይረባዋል፣
እህል በሌለበት ማን ይጠግብበታል?»

እንዴት ያለ ልብ የሚሰርቅ ሙግት ነበር! ይህ ተራራ ነው አለ፤ አየሩ የሳሳ ነው፤ የሞተሩን ጉሮሮ ብታሰፋው የሚገባው ያው የሳሳ አየር ነው፤ ወናፉ ግን የሁለት ሰው እንጀራ አምጥቶ ላንድ ሰው ያጎርሳል። አሁን የተናገረውን የራሱን ነገር አንድ በአንድ እየያዘ ሰበረው። እኔ ባሌ መሆኑን ረሳሁ፤ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። አሁንም ሳስበው ያ ሰው እንዲህ ሲናገር መስማቴ ከሠርጌ ቀን ይልቅ ያኮራኛል። ያም ሆኖ ሙግቱ እኩል ነበር፤ ሽማግሌው ገና ወዴትም አላዘነበለም።

«ጨረስክለት?» አለ አያ ፈንታ። ታከለ አፉን ከፈተና ቆመ። ሌላው ሰው አላስተዋለም። እኔ አስተዋልኩ፤ ምን ትዝ እንዳለውም ወዲያው ገባኝ። ባለፈው ሳምንት ማኪናዋን ሊሞክር ከልጅ አስማማው ጋር እስከ ኮሶዬ ወጥቶ ነበር፤ ማታ እየሳቀ ሲያጫውተኝ «ሰውዬው እኮ ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ማኪናዋን አቁሞ ይወርዳል፣ ሻርፑን አውልቆ ተሳልሞ ነው የሚያልፍ» አለኝ። ታዲያ እንዴት እንደተቀመጠ ይለፍ? አባቱ ከበቅሎ ሲወርዱ እያየ ያደገ ልጅ ነው። በኛ መንገድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ጉብታ የለም፤ አብዛኛው ደጅ ዳገት ላይ ነው። የታከለ ሞተር ብርቱ የሚሆነው ሮጦ ሲሞቅ ነው፤ ወናፉ ግን ከቆመበት ጀምሮ ይገፋል። ቆማ ዳገት ላይ ለምትነሳ ማኪና የሚበጀው የቱ እንደሆነ እኔ እንኳ ባንዴ ታየኝ።

ታከለ በሕዝቡ መሀል ዓይኑን ወደኔ ወረወረ። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ከነጠላዬ ሥር ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ። ተው፤ ዋጠው፤ እንዳትናገር። ቄሱ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ አላፈርኩም። ሆዴ ውስጥ ያለውን ልጅ ነው ያሰብኩት።

ታከለ ወደ ዳኛው ዞረ። «አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለ። ተናገረው። ምኑንም ሳያጎድል ተናገረው፤ እስከ ኮሶዬ ስድስት ጊዜ መውረዱን፣ ካሚዮኑ ማኪናዋን ያለፋት እየሄደች ሳለ ሳይሆን ከአንድ ደብር ደጅ ልትነሳ ስትል መሆኑን፣ ሁሉንም። ሬናቶ በዓይኑ እየዞረ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል፤ ያንን ነገር እሱ በሕልሙም አላሰበው።

አያ ፈንታ ወደ ባለማኪናው ዞረ። «እውነት ነው? ትወርዳለህ?»

«ታዲያ በታቦት ደጅ እንደተቀመጥኩ ልለፍ፣ አያ?» አለ ልጅ አስማማው፣ ተቆጥቶ።

ሽማግሌው ተነስቶ ወገቡን አቀና። «ሁለት ዓይነት በቅሎ አለች። አንዲቱ ከሄደች የሚይዛት የለም፣ ለመነሳት ግን መከራ ታሳያለች። ሁለተኛዪቱ ጭነቷን ይዛ ከቆመችበት ብድግ ትላለች። ይህ ጌታ መውረዱ ሸጋ ነው፤ እንዲወርድም ሁለተኛዪቱ ትሻለዋለች። ወናፉ ይግባላት፤ ፈርጃለሁ።»

ታከለ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ቁራኛው ተፈታ። ቁልፉን ሬናቶ እጅ ላይ አደረገለት። ሬናቶ ነገሩን ሾፌሮቹ አስረድተውት ቁልፉን አገላብጦ አየና «እኔ ምን ተናገርኩ? ታከለ ተናገረ፣ ታከለ ታከለን ረታ! ይህን እኔ አልፈልግም» ብሎ መጥቶ እኔ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠው። «ሲኞራ» አለኝ። አመሰግናለሁ አላልኩትም። ቀይዋ ማኪና ወደ አውቶ ፓርኮ ሄደች፤ የክርስትናው ማር ከአያ ፈንታ በቅሎዎች በአንደኛዪቱ ላይ ተጭኖ ወደ ማክሰኝት ሄደ። ቁልፍ ቀረን፣ ከባዶ ቤት ጋር።

ከዚያ ወዲህ ታከለን አላናገርኩትም። ምግብ አቀርባለሁ፣ አነሳለሁ፣ አልናገርም። እሱም አላባበለኝም፤ ጧት ጧት ሄዶ ባዶውን ጋራዥ ከፍቶ ይጠርጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅ አስማማው በደጃችን አለፈ። ፉጨት የሚመስል ድምፅ ቀድሞ መጣ፣ ጉሎ ዘይቱ ተከተለ። ቀሐ ኢየሱስ ደጅ ሲደርስ ቆመ፣ ወረደ፣ ተሳለመ፣ ተመልሶ ገባ፤ ያቺ ማኪና ከቆመችበት አንዴ ብድግ ብላ ዳገቱን ወጣችው። ታከለ ደጃፉ ላይ ቆሞ እጁን ያጨበጭብ ጀመር። «ሰማሻት እናኑ? እንዴት ብላ እንደተነሳች ሰማሻት?» ይለኛል። ሰው በተረታበት ነገር እንዲህ ይደሰታል? በሩን ደርግሜ ገባሁ። ዛሬ ግን ያ ደስታው ነው ከሁሉ የሚናፍቀኝ፤ በሰው ሥራ እንደሱ የሚደሰት ሌላ ሰው አላገኘሁም።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከድብ ባሕር ገብስ ጭኖ የመጣ ካሚዮን ደጃችን ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ያ ለባለጋራው የተሟገተው መካኒክ ጋራዥ ይህ ነው?» አለኝ። «ነው። ምነው፣ ልትስቅበት መጣህ?» አልኩት። «ኧረ እኔስ ልስቅበት አልመጣሁም፣ እመቤቴ። ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳ ማኪናዬ ምን እንደሆነች እውነቱን የነገረኝ ሰው የለም። ሁሉም የሚነግረኝ ለሱ የሚበጀውን ነው። በገዛ ጉሮሮው ላይ እውነት የተናገረ ሰው እኔን አይዋሸኝም ብዬ ነው» አለና ወረደ። ታከለ ሞተሩን ከፍቶ አየ፤ አንዲት ካንዴላ ለወጠለትና «ሌላ ምንም የለባትም፣ ሂድ» አለው። ሰውዬው ምንም የለባትም ሲሉት ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ቆሞ ቀረ። በማግስቱ ሁለት ካሚዮን መጣ። በሳልስቱ ወንዙ ድረስ ተሰልፈው ነበር፤ አንዱ ሾፌር ከአውቶ ፓርኮ በር ዞሮ የመጣ ነው።

የዚያን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታከለ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ መጣ። ማሰሮውን ይዤ ደጅ ላይ አስታጠብኩት። እሱ ሳሙናውን ያሻሻል፤ እኔ አፈስሳለሁ። በመጨረሻ ያስጨነቀኝን አወጣሁት።

«ያን ቀን ራሴን ስነቀንቅልህ አይተኸኝ ነበር?»

«አየሁሽ» አለ።

«ታዲያ ምነው ተናገርከው? እንዴት ይህን ያህል ትንቀኛለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ስንቅሽ? እኔ እኮ ትዝ ሲለኝ ጥቃቅን ነገር ናት ብዬ ልተዋት ነበር። በደባርቅ መንገድ ስንት ጊዜ ከማኪናው ቢወርድ ለሙግት ምን ይጠቅማል ብዬ። ኋላ አንቺን አየሁ። መፍቻ ይዘሽ የማታውቂ ሴት እንዲያ ደንግጠሽ ስትነቀንቂ ሳይ ነው ነገሩ ሚዛን የሚደፋ መሆኑ የገባኝ። አንቺ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ኖሮ፣ እናኑ፣ በሙግቱ ባልተረታሁ ነበር።»

ማሰሮው ውስጥ ያለውን ውኃ ሁሉ ባናቱ ላይ ደፋሁበት።